የአውሮፓ ሠዓልያንና የሥራዎቻቸው ስም በአማርኛ፤ ከአራዳና ከፒያሳ የሚገኝ ምሳሌ

ስለ አውሮፓ ሥነ ጥበብ በአማርኛ ሊጽፍ ወይም ሊተረጉም የተነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ የሚያቆመው ስም ነው። የሠዓሊው ስም እንዴት ይጻፋል? የሥዕሉ መጠሪያ ይተረጐማል ወይስ እንዳለ ይቀመጣል? አሠራሩን የሚገልጸው ቃልስ ከየት ይመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጸና መልስ ባለመኖሩ አንዱ ሠዓሊ «ማይክል አንጄሎ»፣ «ሚካኤል አንጄሎ»፣ «ሚሼል አንጅ»፣ አንዳንዴም «ሚኬላንጄሎ» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን። አንባቢው አራት ሰዎች ቢመስሉት አይፈረድበትም።

በእኛ አስተያየት አማርኛ አውሮፓዊ ስምና አውሮፓዊ ሥዕል የሚቀበልበትን መንገድ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አበጅቷል። መንገዱም በሁለት ስፍራ ይገኛል፤ አንዱ በአራዳና በፒያሳ የሱቅና የመንገድ አነጋገር ሲሆን ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ስያሜ ነው። ሁለቱ በአዲስ አበባ መሐል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዙሪያ፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ተርጓሚው ግን ሁለቱንም አልፎ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይመጣል።

ከድምፅ እንጀምር። አራዳ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር። በወረራው ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረና አዲሱ ስፍራ «መርካቶ»፣ ነባሩ ደግሞ «ፒያሳ» ተባለ፤ በኢጣሊያንኛ የፊተኛው ገበያ፣ የኋለኛው አደባባይ ማለት ነው። የሁለተኛውን ቃል ድምፅ ልብ እንበል። ኢጣሊያኖች በመጨረሻው ክፍለ ቃል «ት» እና «ስ»ን በአንድ ትንፋሽ አጣምረው «ፒያትሳ» ይላሉ። የአዲስ አበባ ሰው በፊደሉ ውስጥ ቅርብ የሚመስለው «ጸ» ቢኖረውም እርሱን ትቶ «ስ»ን መረጠ። ምርጫው የአጋጣሚ አለመሆኑን «ካልሲ» እና «ፒንሳ» የሚሉት ቃላት ያረጋግጣሉ፤ ሁለቱም በኢጣሊያንኛ ይህንኑ ድምፅ የያዙ ናቸውና። ድምፁ ነዛሪ ሲሆን፣ ማለት «ድዝ» ሲሆን፣ በ«ዝ» ይተካል፤ «ጋዜጣ» ለዚህ ምስክር ነው። ከዚህ ሥርዐት ያፈነገጠው «ፒዛ» ብቻ ይመስለናል፤ እርሱም በጆሮ ሳይሆን በዐይን፣ ከጽሑፍ ተነቦ የገባ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የቬኔስያውን ታላቅ ሠዓሊ ስም የምንጽፈው በዚሁ መንገድ ነው። «ቲሺያን» የእንግሊዞች አጠራር ነው፤ «ቲዚያኖ» የዐይን ንባብ ነው፤ የፒያሳ ጆሮ የሚሰጠን «ቲሲያኖ»ን ነው። ከላይ የጠቀስነው የአራት ስም ባለቤትም ጉዳይ በአንድ ስኒ ቡና ይፈታል። ኢጣሊያኖች «ማኪያቶ»ን ሲጽፉ የሚጠቀሙበት ጥምር ፊደል የእንግሊዝኛ አንባቢ «ች» ብሎ የሚያነበው ነው፤ ሆኖም በፒያሳ ቡና ቤት «ማቺያቶ» ብሎ ያዘዘ ሰው ሰምተን አናውቅም። የሠዓሊውም ስም በዚያው ጥምር ፊደል ስለሚጻፍ «ማኪያቶ» የሚል ሁሉ «ሚኬላንጄሎ» ሊል ይገባዋል። «ላዛኛ» የሚል ሰው «ማንቴኛ» ማለት አይከብደውም፤ «ስፓጌቲ» የሚል «ጊቤርቲ» እና «ጊርላንዳዮ» ይላል። «ካዛንቺስ» የሚለው የሰፈር ስም የኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞችን ቤቶች ያስተዳድር ከነበረው ድርጅት ምኅጻረ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው «ንቺ» በ«ቪንቺ» ውስጥ ያለው ነው። በ«ቭ» ላይ ግን የቀድሞውን ጆሮ መከተል አያስፈልግም። መካኒኩ «ካቻቢቴ» ሲል «ቭ»ን ወደ «ብ» ለውጦታል፤ ዛሬ ግን «ቨ» በፊደላችን ተደላድሎ ስለ ተቀመጠ ማንም «ቢንቺ» እንዲጽፍ አንመክርም።

ፈረንሳይኛም የራሱ ምስክር አለው። «ቡፌ» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ መጨረሻው ላይ የሚጻፍ እንጂ የማይነበብ «ት» አለው፤ እኛም አላነበብነውም። እንዲሁ «ሞኔት» እና «ማኔት» ሳይሆን «ሞኔ» እና «ማኔ» ነው። የሆላንዱ «ቫን ጎግ» አስቸጋሪ ነው። አማርኛ «ኸ» ስላለው ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለሆላንድኛው ድምፅ ቀርቦ «ቫን ኾኽ» ሊጽፍ ይችላል። ይሁን እንጂ «ቫን ጎግ» ሥር ሰዷልና አንነቅለውም። ሠዓሊው ራሱ የአባቱን ስም ባዕዳን መጥራት ስለሚያቅታቸው በሥዕሎቹ ላይ «ቪንሰንት» ብቻ ብሎ ይፈርም ነበር።

ይህ ወደ ስም ሥርዐት ያመጣናል። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሰውን በቤተሰብ ስም ሲጠሩ እኛ በራሱ ስም እንጠራለን። በኢጣሊያ የተሐድሶ ዘመን ሠዓልያን ላይ ግን አውሮፓውያን ከእኛ ልማድ ጋር ይገጥማሉ፤ ሊዮናርዶ፣ ሚኬላንጄሎ፣ ራፋኤሎ፣ ቲሲያኖ ሁሉም የራስ ስሞች ናቸው። «ዳ ቪንቺ» የአባት ስም አይደለም፤ «የቪንቺው» ማለት ነው፤ ቪንቺ ሊዮናርዶ በ1452 እ.ኤ.አ. የተወለደባት የፍሎሬንስ አካባቢ መንደር ናት። ስለዚህ «ዳ ቪንቺ ይህን ሥዕል ሣለ» ብሎ መጻፍ «ዘአንኮበር ይህን ሥዕል ሣለ» እንደማለት ይሆናል። «ሊዮናርዶ» ይበቃል። ፒካሶ የሚታወቅበት በእናቱ ቤተሰብ ስም ነው፤ የአባቱ ቤተሰብ ስም ሩዊስ ነበር። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን የሚተረጉም ሰው «አባቱ ፒካሶ» እንዳይል ይጠንቀቅ። «ኤል ግሬኮ» ደግሞ «ግሪኩ» ማለት ነው። በቀርጤስ ተወልዶ በእስፓንያ የኖረው ዶሜኒኮስ ቴዎቶኮፑሎስ የተጠራበት ቅጽል ሲሆን፣ ሰውየው ግን በሥራዎቹ ላይ በሙሉ ስሙ በግሪክ ፊደል ይፈርም ነበር። በፒያሳ ለብዙ ዘመን ከግሪክ ነጋዴዎች ጋር የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ዐይነት ቅጽል ወዲያው ይረዳዋል። ቢሆንም ቅጽሉ የስም ማዕርግ ስላገኘ «ኤል ግሬኮ» ብለን ጽፈን ትርጉሙን አንድ ጊዜ ብቻ እናስረዳለን።

ስሙ ከቅዱሳን ስም ጋር የሚገጥም ሠዓሊስ? «ራፋኤሎ» ሩፋኤል ነው። «ሠዓሊው ሩፋኤል» ማለት ያምራል፤ ነገር ግን «የሩፋኤል ሥዕል» ሲባል አንባቢው የሠዓሊውን ሥራ ሳይሆን የሊቀ መላእክቱን ሥዕል ይረዳል። ስለዚህ «ሩፋኤል»ን ለመልአኩ ትተን ሠዓሊውን «ራፋኤሎ» እንላለን። አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የደፈሩ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በዚሁ የቀረው የቬኔስያ ሰው ኒኮሎ ብራንካሊዮን በአገሩ ሕዝብ ዘንድ መርቆሬዎስ ይባል ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በሕይወት አግኝቶት ይህንኑ ስሙን መዝግቧል። በዐፄዎቹ ዘመን የነበረው አማራጭ ሰውየውን ከነስሙ አገርኛ ማድረግ ነበር። ዛሬ ሰውየው ሳይመጣ ሥራው ብቻ በመጽሐፍ ስለሚመጣ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ የቤተ መጻሕፍት ማውጫም አይፈቅድልንም።

የሥዕሎቹ ስም ከሠዓልያኑ ይልቅ ሀብታም ጉዳይ ነው። ከአውሮፓ ታላላቅ ሥራዎች እጅግ ብዙዎቹ ጉዳያቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ አማርኛና ግዕዝ ለጉዳዩ ስም አላቸው። በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ቆሞ የዶናቴሎን ሐውልት «ሴንት ጆርጅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል ዞሮ እንደ መጣ ልብ ይበል፤ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» ነው። «ዴቪድ»ም ዳዊት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። «የሚኬላንጄሎ ዳዊት» ቢባል የእኛ አንባቢ ሠዓሊው ይደግመው የነበረው መዝሙረ ዳዊት ሊመስለው ስለሚችል፣ «የዳዊት ሐውልት» ማለት ይሻላል። (በነገራችን ላይ ሚኬላንጄሎ የሲስቶን ጸሎት ቤት ጣራ ሥሎ በጨረሰ በዓመቱ፣ በ1513 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ታትሟል፤ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዙን የተማረው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ከሚኖሩ መነኮሳት ነበር።)

«ማዶና» የሚለው ቃል «እመቤቴ» ማለት ስለሆነ አማርኛው ከጥንት ጀምሮ «እመቤታችን» ይላል። ልጇን ታቅፋ የምትታየውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ትላታለች። ይህ ስያሜ ከአውሮፓ ሥዕል ጋር የተዋወቀው በዛሬ ተርጓሚዎች እጅ አይደለም። በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ኅትመት በኢየሱሳውያን በኩል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አገራችን ገብቶ የኢትዮጵያ ሠዓልያን ደጋግመው ቀድተውታል፤ ስሙም ምስለ ፍቁር ወልዳ ሆኖ ቀጠለ። እንግዲህ የራፋኤሎን ተመሳሳይ ሥዕሎች በዚህ ስም መጥራት ሦስት መቶ ዓመት ያለፈውን ልማድ መቀጠል ነው። በድሬስደን ያለችውን «ሲስቲን ማዶና» ግን «የቅዱስ ሲስቶ እመቤታችን» ብንል ይሻላል፤ «ሲስቲን» እንዳለ ሲቀመጥ ከቫቲካኑ ጸሎት ቤት ጋር ያምታታል። ጸሎት ቤቱ የተሰየመው በጳጳሱ በሲስቶ 4ኛ ሲሆን ሥዕሉ የተሠራው በሰማዕቱ በቅዱስ ሲስቶ ስም ለተተከለ ገዳም ነው።

ሊዮናርዶ በ1490ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. በሚላኖ በመነኮሳት ምርፋቅ ግድግዳ ላይ የሣለው ሥራ በአማርኛ «የመጨረሻው እራት» ተብሎ ተለምዷል። «የጌታ እራት» የሚሉም አሉ፤ ይህን አንደግፍም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የምሥጢሩ ስም ስለሆነ ሥዕሉን ከሥርዐቱ ጋር ያደባልቃል። «ምሴተ ሐሙስ» ይባል ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸው መልካም ነው፤ ቢሆንም ሊዮናርዶ የሣለው ኅብስቱ የተባረከበትን ሳይሆን «ከመካከላችሁ አንዱ ያሳልፈኛል» የተባለበትን፣ ደቀ መዛሙርቱ የታወኩበትን ቅጽበት ነው። የተለመደውን ስም እንተወው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት በቤተ መንግሥት ቃላት የሚፈቱበት ጊዜ አለ። ቬላስኬስ በ1656 እ.ኤ.አ. የሣለውን «ላስ ሜኒናስ» የተረጐሙ ሰዎች «የክብር አገልጋዮች»፣ «የልዕልቲቱ ሴት ረዳቶች» እያሉ ሲቸገሩ አይተናል። አማርኛ ለዚህ «ደንገጡር» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ «ደንገጡሮቹ» ቢባል ከእስፓንያው ቃል ጋር እኩል ይመዝናል። የሬምብራንት የ1642 እ.ኤ.አ. ሥራ «የሌሊት ዘብ» መባሉ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ በሆላንድኛውም ያለ ነውና። ሥዕሉ የቀን ነው፤ የጨለመው በላዩ በተቀባው ቫርኒሽ ሲሆን ስሙም የተሰጠው ከሠዓሊው ሞት ብዙ ዘግይቶ ነው። ተርጓሚ ስሕተቱን በስሙ ውስጥ አያርምም፤ በማብራሪያው ይናገር። «ሞናሊዛ» በአንድ ቃል መጻፉ ግን የራሳችን ስሕተት ነው። «ሞና» ከ«ማዶና» ያጠረ የአክብሮት ቃል ሲሆን በአማርኛ «ወይዘሮ» እንደማለት ነው፤ ስለዚህ «ሞና ሊዛ» ተብሎ ተለያይቶ ይጻፍ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የፒካሶ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ያነበቡ «ጉዌርኒካ» ይሉታል፤ እስፓንያውያን የሚሉት «ጌርኒካ» ነው። ስሙ የከተማ ስም ስለሆነ አይተረጐምም። ተርጓሚው ሊጨምረው የሚገባው የዓመት ቁጥር ነው። ሥዕሉ የ1937 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው ሲባል ለእኛ አንባቢ ሩቅ ነገር ይመስላል። በጌርኒካ ላይ ቦምብ የተጣለው ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው ብንለው ግን ዓመቱን ያውቀዋል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀናት፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፍጭፏል፤ የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስም በፋሽስቶች እጅ በእሳት ተለኵሷል። ጌርኒካን ከጀርመኖች ጋር የደበደቡት የዚያው መንግሥት አውሮፕላኖች ነበሩ። በሁለቱም አቆጣጠር ዓመቱን መጻፍ በዚህ ስፍራ የተርጓሚ ግዴታ ነው እንላለን።

ስለ አሠራር ቃላት ባጭሩ እናልፋለን። «የግድግዳ ሥዕል» የሚለው ለሦስት ልዩ ልዩ ነገር እየዋለ ነው። ሚኬላንጄሎ በሲስቶ ጸሎት ቤት የሣለው የኖራው ልስን ገና ሳይደርቅ ነው፤ ይህ ብቻ «ፍሬስኮ» ይባላል፤ በአማርኛ «የርጥብ ልስን ሥዕል» ልንለው እንችላለን። ሊዮናርዶ በሚላኖ የሠራው በደረቅ ልስን ላይ ስለሆነ ፍሬስኮ አይደለም፤ ገና በሠዓሊው ዕድሜ መላላጥ የጀመረውም ስለዚህ ነው። የእኛ ሠዓልያን ደግሞ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት በሸማ ላይ ሥለው ሸማውን በግድግዳ ይለጥፋሉ። በካቴድራሉ ውስጥ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥራ የሚያይ ሰው ከሥዕል ሌላ በጥቃቅን ጠጠርና መስተዋት የተገጣጠመ ሞዛይክም ያገኛል። «ሐውልት»ም ሸክሙ በዝቷል፤ የአክሱም ድንጋይ፣ የመቃብር ምልክትና በጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በካቴድራሉ ፊት የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ሁሉ ሐውልት ናቸው። የመጨረሻው ዐይነት በአውሮፓ ከሮማው ማርቆስ አውሬልዮስ እስከ ዶናቴሎ የሚዘልቅ የራሱ ዘር አለውና «የፈረሰኛ ሐውልት» ይባል። በቤት ውስጥ የሚቀመጠው አነስተኛ ሥራ «ቅርጽ» ይባል። «ፒያሳ» ግን በአማርኛ የአንድ ሰፈር ተጸውዖ ስም ሆኗልና ለሮምና ለፍሎሬንስ ስፍራዎች አይውልም፤ እዚያ «አደባባይ» ነው።

«ድንቅ ሥራ» ስለሚባለው ቃል አንድ ነገር እንጨምር። በአውሮፓ የጥበብ ማኅበራት ውስጥ ቃሉ በመጀመሪያ የተነገረው አንድ ተማሪ ከመምህራን ጎራ ለመግባት ሠርቶ ለሚያቀርበው የፈተና ሥራ ነበር። ለዚህ የእኛ የአብነት ትምህርት ቤት የጸዳ ቃል አለው። ድጓውን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በታሪካዊ ትርጉሙ «የማስመስከሪያ ሥራ»፣ በዛሬው ሰፊ ትርጉም «ድንቅ ሥራ» እንዲባል እናሳስባለን።

በመጨረሻ ስም ያወጣንለት፣ ስሙም ያልተጠበቀለት አንድ የአውሮፓ ሥዕል አለ። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ይህ ሥዕል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በፍላንድር ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ የተሠራ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የነገሥታቱ ቅርስ ሆነ፤ ዘማች ሠራዊትም ይዞት ይወጣ ነበር። ስሙ «ኵርዓተ ርእሱ» ነው። «ኰርዐ» መታ ማለት ሲሆን ስያሜው ወታደሮቹ ራሱን በመቃ የመቱበትን ሕማም ያመለክታል። ሥዕሉ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የእንግሊዝ ጦር በገባ ጊዜ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ወኪል በነበረው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ገባ፤ እርሱም ወደ ቤቱ ወሰደው። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥቱና ሥዕሉ እንዲመለሱላቸው ወደ ሎንዶን ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ «ኩራታ ሬዙ» በሚል ስም ተጠቅሶ ሳለ፣ ቤተ መዘክሩ እንዲህ ያለ ሥዕል የለኝም አለ። በ1905 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ሲወጣ ነው ያለበት የታወቀው፤ በ1917 እ.ኤ.አ. በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

በውጭ መዛግብት ሥዕሉ አንድ ጊዜ በአንዱ ሠዓሊ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ መጠሪያውም «የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ» ይባላል፤ ይህ ስም ግን በአውሮፓ ላሉ በመቶ ለሚቈጠሩ ሥዕሎች የሚሰጥ ነው። በአማርኛ በሚዘጋጅ ማውጫ፣ መዝገበ ቃላትና ትርጉም ሁሉ መጠሪያው «ኵርዓተ ርእሱ» ተብሎ፣ በ«ኵ»ና በ«ዓ» ተጠንቅቆ ይጻፍ። በሠዓሊው ስፍራ «ያልታወቀ» ይባል። ለውጭ አገር አንባቢ ሲተላለፍ ደግሞ የግዕዙ ስም በፊደላቸው ተጽፎ ይቅደም፤ የጉዳዩ ትርጉም ከርሱ በኋላ ይምጣ።